አሮጌ ላፕቶፕን የድረ ገጽ ሰርቨር ማድረግ

ሰርቨር ማለት ሳይጠፋ ቆይቶ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልስ ኮምፒውተር ነው። የዓለም የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ1990 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም ውስጥ፣ በቲም በርነርስ ሊ ቢሮ የነበረ ኔክስት የተባለ ኮምፒውተር ነው። በላዩም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ እንዳታጠፉት» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ተጽፎ ተለጥፎበት ነበር። ልዩ ክፍልም፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች የተደረደሩበት ቁም ሣጥንም አላስፈለገውም። ለእናንተም አያስፈልግም።

ይህን የምጽፈው ኮምፒውተር መጠቀም ለሚያውቅ፣ ሰርቨር ግን አቁሞ ለማያውቅ ሰው ነው። አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፤ ገጹ መጀመሪያ በራሱ በማሽኑ ላይ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ቤት ውስጥ ካሉት ስልኮችና ኮምፒውተሮች፣ በመጨረሻ ከውጭው ዓለም። አንዱ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አትለፉ። «እንቢ አለኝ» ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ሦስቱን ባንድ ጊዜ የጀመሩ ናቸው። የተበላሸው የትኛው እንደሆነ እነሱ አያውቁም፤ እኔም ከሩቅ ሆኜ ልገምት አልችልም።

ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ። ማሽኑ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ ሆሄያት ነው።

ስለ ማሽኑ

የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ካላችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ብዙ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ይመክራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለች፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የማትፈልግ ጎበዝ መሣሪያ ናት። እኔ ግን ላፕቶፕ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ባትሪው ነው። መብራት ሲሄድ ራስፕቤሪ ፓይ በዚያው ቅጽበት ትጠፋለች፤ የምትጽፍበት ሚሞሪ ካርድም በመጻፍ ላይ ሳለ ከተቋረጠ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑ ግን ይቀጥላል። እርግጥ ራውተሩ አብሮ ስለሚጠፋ በዚያ ሰዓት ጎብኚ አይደርስም፤ ዲስኩ ግን ይድናል። ኪቦርዱና ስክሪኑም አብረውት ስላሉ፣ ኔትወርኩ ሲበላሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ማስተካከል ይቻላል። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን አውጥታችሁ በጥንቃቄ አስወግዱት፤ ያበጠ ባትሪ ቀንና ሌሊት ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ የሚተው ነገር አይደለም።

ለተራ ድረ ገጽ 2 ጊጋባይት ራም ከበቂ በላይ ነው። በላዩ ላይ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ነፃ የሆነ ሥርዓተ ክወና) ጫኑ። መጫኛውን በፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ላፕቶፑን ከፍላሹ ታስነሡታላችሁ። መጫኑ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ ስለዚህ የቆዩ ፎቶግራፎች ካሉበት አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ።

በሚጫንበት ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ቆም በሉ። የመጀመሪያው «ሩት» ለተባለው ዋና ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ነው፤ ባዶውን እለፉት። ባዶ ሲሆን መጫኛው ለእናንተ ለራሳችሁ «ሱዶ» በተባለው ትእዛዝ የመሥራት ሥልጣን ይሰጣችኋል፤ ከሞላችሁት ግን ይህን በኋላ በእጅ ማስተካከል ይኖርባችኋል። ሁለተኛው የሶፍትዌር ምርጫው ነው። መስኮትና ሥዕል ያለውን ዴስክቶፕ ምልክቱን አንሡለት፤ «ኤስኤስኤች ሰርቨር» (ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችለው) እና መደበኛዎቹ የሲስተም መሣሪያዎች የሚሉትን ብቻ ተዉ። ሲያልቅ ጥቁር ስክሪንና አንዲት ብልጭ የምትል መስመር ታያላችሁ። ሰርቨር መልኩ ይህ ነው።

ላፕቶፕ ሲከደን ይተኛል፤ ሰርቨር ደግሞ መተኛት የለበትም። «ኢቲሲ» በተባለው ፎልደር ውስጥ «ሲስተምዲ» አለ፤ በእሱ ውስጥ «ሎጊንድ.ኮንፍ» የተባለ ፋይል አለ። «ሀንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ከፊቱ ያለውን የ# ምልክት አጥፉ፣ ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ቃል በ«ኢግኖር» ተኩት፤ ከዚያ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡ። ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት። በዋይፋይም ይሠራል፤ ግን አንድ ሰው ማይክሮዌቩን ባበራ ቁጥር የሚንተባተብ ሰርቨር ጠብ አይልም።

ከማሽኑ ላይ

ገጾቹን የሚያቀርበው ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። አፓቺ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው። ኤንጂንኤክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የወጣ፣ ኢጎር ሲሶየቭ የጻፈው ፈጣን ፕሮግራም ነው። ኬዲ ከሁለቱም ያነሰ ዕድሜ ያለው ሲሆን ምስጠራውን በራሱ ያስተካክላል። የትኛውም ይሆናል። እኔ በኤንጂንኤክስ እቀጥላለሁ፤ ሲጻፍ ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤክስ የሚሉት አምስት ፊደላት ናቸው።

መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንጂንኤክስ ከርል» በሉ። ዴቢያን ላይ ኤንጂንኤክስ ተጭኖ እንዳለቀ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣም ራሱ ይነሣል። ለማረጋገጥ ገጽን ያለ ብራውዘር በሚጠይቀው በ«ከርል»፣ «ከርል 127.0.0.1» ብላችሁ ጻፉ። ይህ አድራሻ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል የኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ጽሑፍ ከተመለሰላችሁ የመጀመሪያው ደረጃ ቆሟል።

አሁን የራሳችሁን ገጽ አስቀምጡ። ቦታው «ቫር» ውስጥ፣ በሦስት ደብልዩ የሚጻፈው ፎልደር ውስጥ፣ «ኤችቲኤምኤል» የሚባለው ነው። እዚያ «ኢንዴክስ.ኤችቲኤምኤል» የሚል ፋይል ፍጠሩ፤ ጎብኚ የፋይል ስም ሳይጠራ ሲመጣ ሰርቨሩ የሚያቀርብለት ይህንን ነው።

ገጹን በአማርኛ ከጻፋችሁት፣ በ«ሄድ» ክፍሉ መጀመሪያ ላይ «ሜታ ቻርሴት» የሚለውን ምልክት አስገቡና ዋጋውን ዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ሁሉ በባይት የሚጽፈው ዘዴ) አድርጉት፤ ፋይሉን ስታስቀምጡትም በዚሁ ይሁን። ፊደላችን የዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ ይህን ካልተነገረው በግምት ይሄዳል። ግምቱ የላቲን ፊደል ከሆነ እያንዳንዷ ፊደል ወደ ሁለትና ሦስት ባዕድ ምልክቶች ትበተናለች፤ «ሰላም» ብላችሁ የጻፋችሁት ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ፎንት መፈለግ ይጀምራል። ፎንቱ ምንም አላጠፋም። እዚያው እያላችሁ የገጹን ቋንቋ የሚገልጸውን ምልክት በኤ እና በኤም ሁለት ፊደላት ሙሉት፤ ጽሑፍ ለሚያነብቡ መሣሪያዎችና ለትርጉም ፕሮግራሞች ይጠቅማቸዋል።

ሁለት የስሕተት ቁጥሮችን ለይታችሁ እወቁ። 404 ማለት ፋይሉ በተፈለገበት ቦታ የለም ማለት ነው፤ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ተቀላቅሏል፤ ሊኑክስ ሁለቱን እንደተለያዩ ስሞች ይቆጥራቸዋል። 403 ግን ፋይሉ አለ፤ ኤንጂንኤክስ የማንበብ ፈቃድ የለውም ማለት ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው ገጾቹን የግል ፎልደራቸው ውስጥ በሚያስቀምጡ ሰዎች ላይ ነው። የፈቃድ ቁጥራቸው ለፋይሎች 644፣ ለፎልደሮች 755 ሲሆን ነገሩ ይፈታል። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች 777 እንድትሰጡ ይመክሯችኋል፤ እሱ በማሽኑ ላይ ላለ ሁሉ ጻፍ፣ ሰርዝ፣ ለውጥ የሚል ፈቃድ ነው። ችግሩን ሳይሆን ጥበቃውን ነው የሚያነሣው።

የኤንጂንኤክስን የአሠራር ፋይል በነካችሁ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ»፣ ከዚያ ሰረዝና «ቲ» ብላችሁ አስፈትሹት። በመስመር መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው የላቲኑ ድርብ ሰረዝ ከጎደለች የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግራችኋል። ትክክል ነው ካለ በኋላ ብቻ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ»።

ከቤት ውስጥ

«አይፒ ኤ» ስትሉ ማሽኑ አድራሻውን ያሳያችኋል። 127.0.0.1ን ዝለሉት። የምትፈልጉት በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምረውን ነው፤ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም የዚሁ ዘር ናቸው። 192.168.1.50 ነው እንበል። ከስልካችሁ ብራውዘር «ኤችቲቲፒ» ብላችሁ፣ የላቲኑን ሁለት ነጥብና ሁለት እዝባር (://) አስከትላችሁ ይህን ቁጥር ጻፉ። «ኤችቲቲፒ» የሚለውን አትተዉት፤ የዛሬ ብራውዘሮች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞክሩት የተመሰጠረውን መንገድ ነው፤ እሱን ገና አላቆማችሁም።

ካልተከፈተ፣ ስልኩ ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ላይ መሆን አለመሆኑን እዩ፤ ያ ኔትወርክ በቤት ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች እንዳይተያዩ አድርጎ ነው የሚሠራው። ከተከፈተ ደግሞ ወደ ራውተሩ ገጽ ግቡና ለዚህ ማሽን ቋሚ አድራሻ አስይዙለት። ራውተሩ አድራሻ የሚያድለው በውሰት ነው፤ ዛሬ 50 የነበረው ነገ 53 ሊሆን ይችላል። አስይዙ ስል የማሽኑን የኔትወርክ ካርድ መለያ ከአንድ ቁጥር ጋር አያይዙ ማለቴ ነው።

ያልተፈቀደ ግንኙነት ወደ ማሽኑ እንዳይገባ የሚያግደው ፋየርዎል አሁን ይግባ። «ዩኤፍደብልዩ» የተባለው ቀላሉ ነው፤ በ«አፕት» ይጫናል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ 22፣ 80 እና 443 የተባሉትን ፖርቶች (በቁጥር የሚጠሩ የማሽኑ የኔትወርክ በሮች) ፍቀዱ፣ ከዚያ በኋላ አብሩት። 80 ተራው፣ 443 የተመሰጠረው የድረ ገጽ በር ሲሆኑ፣ 22 ከሩቅ ሆናችሁ ማሽኑን በኤስኤስኤች የምታዙበት ነው። ሳትፈቅዱት ፋየርዎሉን ያበራችሁ እንደሆነ ከሌላ ኮምፒውተር መግባት አትችሉም፤ እዚህ ላይ ነው የላፕቶፑ ኪቦርድ ዋጋውን የሚያገኘው። ሁሉም ከሠራ ላፕቶፑን ክደኑትና አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይለኛል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የልጆች መማሪያ፣ የግል ማስታወሻ ለቤት ብቻ ሲሆን ከውጭ የሚያሰጋው ነገር በጣም ጥቂት ነው። ዓለም እንዲያየው የምትፈልጉት ነገር ከሌላችሁ ቀሪውን ለዕውቀት ያህል አንብቡት።

ወደ ውጭ

መጀመሪያ የምታረጋግጡት በእርግጥ የራሳችሁ የሕዝብ አድራሻ እንዳላችሁ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ ከኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አድራሻ እዩ፤ ከዚያ «አድራሻዬ ስንት ነው» ብለው ለሚጠይቁ ከሚመልሱት ድረ ገጾች አንዱን ከፍታችሁ አስተያዩት። ሁለቱ አንድ ከሆኑ መንገዱ ክፍት ነው። ከተለያዩ፣ በተለይም የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አገልግሎት ሰጪው አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። በዚህ ጊዜ ራውተራችሁ ላይ የቱንም ያህል ብትደክሙ ከውጭ የሚመጣ ሰው አይደርስም። ምርጫው ሁለት ነው፤ የሕዝብ አድራሻ እንዲሰጣችሁ መጠየቅ፣ ወይም ማሽኑ ራሱ ወደ ውጭ ከሚያገናኘው የዋሻ አገልግሎት አንዱን መጠቀም። ውላችሁ ከቤት ሰርቨር ማቆምን ይከለክል እንደሆነም በዚያው አንብቡ።

መንገዱ ክፍት ለሆነላችሁ፣ ራውተር እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። ከውስጥ የወጣውን ሰው መልስ ይዞ ሲመለስ ያውቀዋል፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን ማንን እንደሚፈልግ ስለማያውቅ ይመልሰዋል። «80 ብሎ የመጣውን ወደ 192.168.1.50 ምራው» ብላችሁ የምትነግሩት ፖርት ፎርዋርዲንግ በሚለው ገጽ ላይ ነው። 80ን እና 443ን ክፈቱ፤ ሌላ አንድም አትክፈቱ። ማሽኑን በሞላ ለውጭ የሚያጋልጠው «ዲኤምዜድ» የተባለው ምርጫ ሥራ ያቀለለ ይመስላል፤ አትንኩት። 22ንም ወደ ውጭ አታውጡ፤ ቤት ሳትሆኑ ማሽኑን ማዘዝ ካማራችሁ በይለፍ ቃል መግባትን ዘግታችሁ በኤስኤስኤች ቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ በሚቀመጥ የምስጢር ፋይል) ብቻ እንዲሆን አድርጉ።

ስትሞክሩት ከስልካችሁ ላይ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ይሁን። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ተነሥቶ በውጭ አድራሻ ዞሮ የሚገባን ጥያቄ አያስተናግዱም። ስለዚህ ከቤት እንቢ የሚለው ገጽ ከውጭ በትክክል እየተከፈተ ሊሆን ይችላል።

የቤት አድራሻ ስለሚቀያየር ስም ያስፈልጋችኋል። ዳክዲኤንኤስን የመሰሉ አገልግሎቶች ንኡስ ስም በነፃ ይሰጣሉ፤ ማሽናችሁ አዲሱን አድራሻ በየጥቂት ደቂቃው እንዲያሳውቃቸው ታደርጋላችሁ። ስሙ በኤንጂንኤክስ ፋይል ውስጥም «ሰርቨር ኔም» በሚለው መስመር ይጻፍ። ከዚያ ምስጠራው ቀላል ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለምስጠራው የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፤ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ከነኤንጂንኤክስ ማያያዣው ሲጫን ስሙን ጠይቆ ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል። የሰርተፊኬቱ የተለመደ ዕድሜ 90 ቀን ስለሆነ በየጊዜው ይታደሳል፤ ይህንንም ሰርትቦት ይሠራዋል። በዚህ መንገድ ሲያድስ የስሙ ባለቤት መሆናችሁን የሚያጣራው በ80 በኩል ነውና፣ «ሁሉም ተመስጥሯል» ብላችሁ 80ን እንዳትዘጉት።

ከዚህ በኋላ ስለሚመጡት እንግዶች

ሰርተፊኬት እንደወጣ የድረ ገጹ ስም ማንም ሊያየው በሚችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡን የሚከታተሉ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ ስሙን ለሰው ሳትነግሩ ጎብኚ ይመጣል። የኤንጂንኤክስ መዝገብ «ቫር» ውስጥ፣ «ሎግ» ውስጥ፣ «ኤንጂንኤክስ» በሚባለው ፎልደር አለ፤ «አክሰስ.ሎግ» የሚለውን በ«ቴይል» ትእዛዝ ተከታተሉት። እናንተ ጋ የሌለውን የወርድፕረስ (የታወቀ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) መግቢያ የሚፈልግ፣ የይለፍ ቃል የሚቀመጥበትን በነጥብና በ«ኢንቭ» የሚጠራውን ፋይል የሚጠይቅ፣ ስሙን እንኳ ሰምታችሁ የማታውቁትን የመረጃ ቋት መቆጣጠሪያ የሚያንኳኳ ታያላችሁ። በመጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል። መልሳችሁ 404 እስከሆነ ድረስ የሚፈልጉት ነገር የለም ማለት ነው፤ እነሱም ቀጣዩን በር ሊያንኳኩ ይሄዳሉ። ሊያሳስባችሁ የሚገባው የማታውቁት ገጽ ተጠይቆ 200፣ ማለትም «አለ፤ ይኸውና» የሚለው ቁጥር፣ የተመለሰ እንደሆነ ነው።

መጀመሪያ ላይ ተራ የኤችቲኤምኤል ገጾች ብቻ አቅርቡ የምለውም ለዚህ ነው። ፕሮግራም የሌለበትን ፎልደር ሰብሮ መግባት ከባድ ነው፤ ያልታደሰ ወርድፕረስን ግን በየቀኑ የሚያድኑት አሉ። «አናተንድድ አፕግሬድስ» የተባለውን ጫኑ፤ የደኅንነት ማሻሻያዎችን እናንተ ሳትጠሩት ያስገባል።

ፍጥነትን በተመለከተ የሚቆጠረው የምታወርዱበት ሳይሆን የምትልኩበት ፍጥነት ነው፤ ጎብኚው የሚያወርደው እናንተ ከምትልኩት ነውና። የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ ከስልክ እንደወረደ የተለጠፈ 5 ሜጋባይት ፎቶግራፍ 40 ሜጋቢት ስለሆነ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ያንኑ ፎቶግራፍ ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሱት፤ ከአንድ ሰከንድ በታች ይደርሳል። ከማንኛውም የኤንጂንኤክስ ማስተካከያ በፊት ይህን አድርጉ።

ሁለት ፎልደሮችን ወደ ሌላ ማሽን አዘውትራችሁ ቅዱ፤ ገጾቹ ያሉበትንና «ኢቲሲ» ውስጥ ያለውን የኤንጂንኤክስ ፎልደር። ለዚህ «አርሲንክ» ጥሩ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚቀዳው።

አንድ ቀን ድረ ገጹን መተው ከፈለጋችሁ ላፕቶፑን ነቅሎ መሄድ አይበቃም። መጀመሪያ ራውተሩ ላይ የከፈታችኋቸውን ፖርቶች ዝጉ፤ ነገ ያንን የውስጥ አድራሻ የሚወስደው ሌላ መሣሪያ ሳያውቀው ለውጭ ይጋለጣልና። ቀጥሎ ስሙን ከሰጣችሁ አገልግሎት ላይ ሰርዙት፤ የቀድሞው የሕዝብ አድራሻችሁ ለሌላ ደንበኛ ሲሰጥ በእናንተ ስም የሚመጣው ጎብኚ እሱ ዘንድ ይደርሳል።